ለአንድ ጉዳይ ገብቶ በአራት መውጣት

ስለ ጀርባ ሕመም ልታነቡ ጉግል ትከፍታላችሁ። መሃል ላይ የአውሮፕላን ትኬት ትዝ ይላችኋል። ከዚያ የሆነ ተዋናይ ዕድሜ። ከዚያ ተመልሳችሁ ወደ ጀርባችሁ። በዚህ ልማድ ላይ የሚባለው ብዙው ስህተት ነው።

«ጤነኛ ሰው አንድ በአንድ ነው የሚፈልገው።» ማን አለ? ተመራማሪዋ አማንዳ ስፒንክና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2002 አልታቪስታ በተባለው የያኔ መፈለጊያ ላይ ሰዎች የጻፏቸውን ጥያቄዎች ናሙና ወስደው መረመሩ። ሰዎች በአንድ ቁጭታ ሁለት ጥያቄ ከጻፉባቸው ፍለጋዎች 81 በመቶው ከአንድ በላይ ርዕስ ነበረባቸው። ሦስትና ከዚያ በላይ ሲጻፍ ደግሞ 91.3 በመቶ። ያኔ ስማርት ስልክ በየኪሱ አልገባም ነበር። ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ ስልካችን ላይ ባንደፈድፍ ጥሩ ነው።

«ግማሽ ሰዓት ዝም ካለ ጉዳዩን ጨርሷል።» ይህኛው የባለሙያዎቹ ስህተት ነው። ሰዎች የፈለጉትን የሚይዘውን መዝገብ ሲተነትኑ፣ ምንም ሳይፈለግ ያለፈ 30 ደቂቃን እንደ ጉዳዩ መደምደሚያ ይቆጥሩ ነበር። ሮዚ ጆንስና ክሪስቲና ክሊንክነር እ.ኤ.አ. በ2008 ሲፈትሹት ግን መለኪያው ብዙም አላስኬደም። ከጉዳዮቹ 17 በመቶ ያህሉ ከሌላ ጉዳይ ጋር ተጠላልፈው አገኟቸው። ሰው አንዱን ጥሎ ይሄዳል፣ ሌላ ይነካካል፣ ይመለሳል።

«አእምሮዬ ሁለቱንም እኩል ያስኬዳል።» አያስኬድም፤ ይመላለሳል እንጂ። ምልልሱ ደግሞ ያስከፍላል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሮጀርስና ሞንሰል እ.ኤ.አ. በ1995 እንዳሳዩት፣ ሰው ሥራ እንደሚቀይር አስቀድሞ አውቆ ቢዘጋጅም መዘግየቱ ይቀንሳል እንጂ ጨርሶ አይጠፋም።

«ሲለመድ ይቀላል» የሚሉም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 ከስታንፎርድ የወጣ ጥናት ብዙ ነገር አብረው የሚከታተሉ ሰዎች ከሥራ ወደ ሥራ ሲቀያይሩ ከሌሎቹ ይልቅ እንደሚዘገዩ አገኘ። በኋላ የመጡት ጥናቶች ሁሉ በዚህ አልተስማሙም። ቢሆንም «ለምጄዋለሁ» ማለት ማስረጃ አይሆንም።

«የከፈትኩትን የድረ ገጽ ታብ ስላልዘጋሁት አልረሳውም።» እኔም እንዲህ እል ነበር። ታብ የሚያስቀምጠው ገጹን ነው፤ ለምን እንደከፈታችሁት አይነግራችሁም። ወደ ሌላ ርዕስ ከመዝለላችሁ በፊት የቀረችውን ጥያቄ በአንድ መስመር ጫር ማድረግ ይሻላል። ስልኬ ላይ ሦስት ሳምንት የቆየ ታብ አለ፤ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ሲበላሽ ምን እንደሚደረግ ያስረዳል። ማጠቢያ ማሽን የለኝም።