አንጎል ሰማ ማለት ሰውየው አዳመጠ ማለት ነው?

እንቅልፍ ላይ ያለ ሕፃን መስማቱ እንዴት ይመረመራል የሚለው ጥያቄ በቡድናችን ደጋግሞ ስለተነሣ ላስረዳ። በምርመራው ጊዜ በራስ ቆዳ ላይ የሚለጠፉት ኤሌክትሮዶች (ኤሌክትሪክ የሚቀበሉ ትንንሽ መለኪያዎች) ሐሳብ አያነቡም። የሚለኩት ድምፅ ሲመጣ አንጎል የሚሰጠውን የኤሌክትሪክ ምላሽ ነው።

ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ጀልባ የሚጠብቁ ሁለት ሰዎች ኤሌክትሮድ ተለጥፎላቸዋል እንበል። ከአንድ ስልክ «ጢ፣ ጢ፣ ጢ» የሚል ድምፅ ይወጣል፤ አልፎ አልፎ «ዶ» ይገባበታል። እርሱ መጽሐፍ ያነባል፤ እርሷ «ዶ»ዎቹን ትቆጥራለች። ድምፁ በተሰማ በ100 ሚሊሰከንድ (ሚሊሰከንድ የሰከንድ ሺኛ ነው) ገደማ በሁለቱም የአንጎል ምዝገባ ላይ ማዕበል፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ምላሹ ከፍና ዝቅ ማለት፣ ይታያል፤ የእርሷ ግን ይጎላል። «ዶ» ሲመጣ የአንባቢው አንጎልም በ150 እና በ250 ሚሊሰከንድ መካከል ልዩነቱን ይመዘግባል። ባለቤቱ ችላ ቢልም ዘበኛው አልተኛም! ከ300 ሚሊሰከንድ ጀምሮ የሚነሣው ትልቅ ማዕበል ግን በዋናነት የቆጣሪዋ ነው፤ ትኩረትን የሚያሳየው እርሱ ነው።

ሕፃኑ ተኝቶ የሚመረመረው፣ የአንጎል ግንድ (አንጎልን ከአከርካሪ ጋር የሚያገናኘው የታችኛው ክፍል) ምላሽ በ10 ሚሊሰከንድ ውስጥ ስለሚመጣና ትኩረት ስለማይፈልግ ነው። ምላሹ ከአንድ ቮልት ሚሊዮንኛ እንኳ የሚያንስ ስለሆነ በሌላው የአንጎል እንቅስቃሴ ይዋጣል፤ ስለዚህ ድምፁ በሺህ ለሚቆጠር ጊዜ ተደጋግሞ አማካዩ ይወሰዳል። ምርመራው የሚረዝመው ለዚህ ነው እንጂ ባለሙያው ስለዘገየ አይደለም።

የማዕበሎቹ ቅደም ተከተል የታወቀ ነው። መጠናቸውና ትክክለኛ ሰዓታቸው ግን በዕድሜ፣ በድካምና ከሰው ሰው ይለያያል፤ የጎረቤትን ልጅ ውጤት ከራስ ልጅ ጋር ማነጻጸር አያዋጣም።