ንፍፊት ውስጥ ምን ይካሄዳል? ዴንድሪቲክ ሴልና ቲ ሴል

ጎንደር ልጅ ጉንፋን ይዞት አንገቱ ስር ሲያብጥ "ንፍፊት ነው፣ ይተወዋል" ይባልና በቃ ይታለፋል። ብዙ ጊዜም ይተወዋል። ግን በ1954 እ.ኤ.አ. የጤና ኮሌጅ የተከፈተበት ከተማ ሆኖ እንኳን እብጠቱ ውስጥ ያለው ወሬ ከክላስ ብዙም አልወጣም።

የወሬው ባለቤት ዴንድሪቲክ ሴል የሚባል የሰውነት መከላከያ ሴል ነው። ቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ስላለው ነው በግሪክ የዛፍ ስም የወጣለት። በ1868 ላንገርሃንስ የሚባል ጀርመናዊ የቆዳውን አይነት አይቶ ነርቭ መስሎት ነበር፣ ከመቶ አመት በላይ ቆይቶ በ1973 ራልፍ ስታይንማንና ዛንቪል ኮን ናቸው ስሙን ያወጡለት። ስታይንማን በ2011 ኖቤል ሲሸለም ከሶስት ቀን በፊት አርፎ ነበር፣ ሸላሚዎቹም አልሰሙም!

ሴሉ ቆዳ፣ ሳንባ፣ አንጀት ላይ ሆኖ ያገኘውን ሲቀማምስ ይውላል። ቫይረስ ሲገባ አርኤንኤውን ወይ ዲኤንኤውን ይለይና ቅምሻውን ትቶ በሊምፍ ቱቦ ወደ ሊምፍ ኖድ ይሄዳል፣ ያው ሲያብጥ ንፍፊት የምንለው ማለት ነው። እዛ ያለው ግፊያ ቅዳሜ ገበያን ያስንቃል። ዴንድሪቲኩ የቫይረሱን ቁራሽ ኤምኤችሲ በሚባል ፕሮቲን ላይ ዘርግቶ ይጠብቃል፣ በሽታ የሚዋጉት ቲ ሴሎች እየዞሩ ነካ ነካ አድርገው ያልፋሉ፣ ምክንያቱም ለዛች ቁራሽ የሚገጥመው ከመቶ ሺህ ወይ ከሚሊዮን አንዱ ነው። ኤምኤችሲ 1 ላይ ያለውን ገዳዩ ቲ ሴል፣ ሲዲ8 የሚባለው ያያል፣ ኤምኤችሲ 2 ላይ ያለውን ረዳቱ ሲዲ4።

መግጠም ብቻውን ግን አይበቃም፣ ለኔ የሚገርመኝም ይሄ ነው። ዴንድሪቲኩ አደጋ ካየ ብቻ ሲዲ80 እና ሲዲ86 የሚባሉ ፕሮቲኖችን ላዩ ላይ በደንብ ያወጣል፣ እነሱ የቲ ሴሉን ሲዲ28 ሲይዙ ነው ነገሩ እውነት መሆኑ የሚረጋገጠው። ያለዛ ቲ ሴሉ ከመነሳት ይልቅ ይደነዝዛል፣ ጥሩም ነው፣ አለበለዚያ የራሳችንን ስጋ ባየ ቁጥር ይነሳ ነበር። በዛ ላይ ኢንተርሉኪን 12 እና ኢንተርፌሮን የሚባሉ መልእክት አድራሽ ፕሮቲኖች ምን አይነት ተዋጊ እንደሚሆን ይነግሩታል።

ከዛ መባዛት ነው፣ አንዱ በቀናት ውስጥ ሺዎች ይሆናል፣ አንገት ስር የሚዳሰሰው እብጠትም በከፊል ይሄ ነው፣ ከዛ ወጥተው ቫይረሱ ወዳለበት ይሄዳሉ።

ኩፍኝ ግን ተንኮለኛ ነው፣ ራሱ ዴንድሪቲክ ሴሉ ውስጥ ገብቶ ቲ ሴል የመቀስቀስ አቅሙን ያዳክመዋል፣ ኩፍኝ የያዘው ልጅ ከዳነ በኋላም በሌላ በሽታ ቶሎ የሚጠቃበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።