«ጎበዝ ከሆነ ራሳቸው መጥተው ይወስዱታል»፦ ስለ ሃይስኩል ቤዝቦልና ስለ ኮሌጅ በስህተት የምናምናቸው ነገሮች

ልጃችን ቤዝቦል ሲጀምር 9 ዓመቱ ነበር። እኔም እናቱም ጨዋታውን አናውቀውም። ያደግነው በእግር ኳስና በሩጫ ነው። ሕጉን ከእሱ ተማርን፤ ቅዳሜና እሁዳችንም ሜሪላንድ ውስጥ ሜዳ ዳር ሆነ። ዛሬ ኮሌጅ እየተማረ ይጫወታል፤ ወርዋሪ ነው፣ ፒቸር የሚሉት። አሁን አሁን ልጆቻቸው ቤዝቦል የያዙ የሐበሻ ወላጆች ይደውሉልኛል፤ ከቅዳሴ በኋላም ጠጋ ብለው ይጠይቁኛል። ያኔ እኔም አምንባቸው የነበሩትን ነገሮች ጥያቄያቸው ውስጥ እሰማለሁ። አንዳንዶቹ ገንዘብ አስወጥተውናል። አንዱማ የልጁን ክንድ ሊያበላሽብን ነበር።

«ጎበዝ ከሆነ ራሳቸው መጥተው ያዩታል»

አሜሪካ ውስጥ ከ450 ሺህ በላይ ልጆች ለሃይስኩላቸው ቤዝቦል ይጫወታሉ። የኮሌጅ ስፖርትን በሚመራው ማኅበር፣ በኤንሲኤኤ ሥር ባሉ ኮሌጆች ለመጫወት የሚበቁት ከመቶ 7 ወይም 8 ናቸው። ኮሌጆቹ በሦስት ደረጃ ተከፍለዋል፤ ትልቁ ደረጃ ላይ፣ ዲቪዥን 1 ላይ የሚደርሱት ደግሞ ከመቶ 2 ገደማ ብቻ። ይህን የምለው ለማስፈራራት አይደለም። ይህን ሁሉ ልጅ ዞሮ ማየት የሚችል አሰልጣኝ ስለሌለ ነው።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላ ነገር አለ። የሃይስኩል ጨዋታ የሚደረገው በስፕሪንግ ነው። የኮሌጁም ውድድር ከፌብሩዋሪ ጀምሮ በዚያው ወቅት ነው። ማክሰኞ ከሰዓት ልጃችሁ ሲያበራ፣ እንዲያይላችሁ የምትመኙት አሰልጣኝ የራሱን ቡድን ይዞ ሌላ ስቴት ሄዷል። ልጆችን ዞረው የሚያዩት በአብዛኛው በሰመርና በፎል ነው።

ስለዚህ ልጁ ኢሜይል ይጻፍ። አባት ወይም እናት ሳይሆኑ ራሱ ልጁ። አጭር ቪዲዮ፣ ጂፒኤውን (የትምህርት ውጤቱን አማካይ) እና በሰመር የት የት እንደሚጫወት ያስገባበት። የዲቪዥን 1 አሰልጣኞች 11ኛ ክፍል ሊጀምር ሲል ካለው ኦገስት 1 በፊት ስለ ምልመላ ከልጁ ጋር እንዲነጋገሩ አይፈቀድም። የ9ኛ ክፍል ልጃችሁ ጽፎ መልስ ካጣ አንገቱን አይድፋ። አሰልጣኙን ያሰረው ሕጉ ሊሆን ይችላል።

«ሙሉ ስኮላርሺፕ ያገኛል፣ የኮሌጅ ክፍያ ነገር አለቀ»

ይህቺ ብዙ ቤት ውስጥ አለች። እኛም ቤት ነበረች። በአሜሪካን ፉትቦልና በቅርጫት ኳስ የምንሰማው ሙሉ ስኮላርሺፕ ቤዝቦል ላይም ያለ ይመስለናል። ለብዙ ዓመታት ግን አንድ የዲቪዥን 1 ቡድን በጠቅላላ የነበረው 11.7 ስኮላርሺፕ ነበር። እሱንም እስከ 27 ለሚሆኑ ልጆች ያከፋፍለዋል። ለአንዱ ሩብ፣ ለሌላው ግማሽ ይደርሰዋል።

ከ2025 ፎል ጀምሮ ሕጉ ተቀይሯል። በፍርድ ቤት የጸደቀውን አዲሱን የኤንሲኤኤ ስምምነት የተቀበሉ የዲቪዥን 1 ዩኒቨርሲቲዎች 34 ተጫዋች ይይዛሉ፣ ለሁሉም ሙሉ ስኮላርሺፕ መስጠትም ይችላሉ። ሆኖም ይችላሉ ማለት ይሰጣሉ ማለት አይደለም። ብዙዎቹ ያን ያህል ገንዘብ የላቸውም። ዲቪዥን 2 ላይ ጣሪያው 9 ነው። ዲቪዥን 3ና እነ ሃርቫርድ ያሉበት አይቪ ሊግ ለስፖርት ብለው ምንም አይከፍሉም።

ታዲያ ገንዘቡ የት ነው? ትምህርቱ ላይና ፋፍሳው ላይ፣ ማለትም የፌደራል የትምህርት እርዳታ መጠየቂያው ፎርም ላይ። ልጃችን የሚማርበት ኮሌጅ ዲቪዥን 3 ነው። ለክንዱ አንድ ዶላር አልሰጡትም። ለማርኩ የሰጡትና በገቢያችን ምክንያት ያገኘው እርዳታ ሲደመር ግን ከክፍያው ግማሹን በልጧል። እባካችሁ ፋፍሳ በጊዜ ሙሉ። ዜጋ ያልሆነ ልጅም ግሪን ካርድ ካለው ወይም አሳይለም ከተፈቀደለት ለፌደራል እርዳታ ማመልከት ይችላል። የሚታየው የልጁ ወረቀት ነው እንጂ የወላጁ አይደለም። ይህን ባለማወቅ ፎርሙን ሳይነኩ የቀሩ ቤተሰቦች አውቃለሁ፤ ሳስበው አሁንም ይቆጨኛል።

«ትምህርቱ ይደርሳል፣ አሁን ጨዋታው ላይ ያተኩር»

አይደርስም። ዲቪዥን 1 ለመጫወት ኤንሲኤኤ የሚቀበላቸው 16 ዋና ዋና ኮርሶች ያስፈልጋሉ። ከእነሱ 10ሩ 12ኛ ክፍል ሳይጀመር ማለቅ አለባቸው። ከ10ሩ ደግሞ 7ቱ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ ወይም ሳይንስ መሆን አለባቸው። በእነዚያ 7 ኮርሶች የመጣ ውጤት ከዚያ በኋላ ደግሞ በመማር አይሻሻልም። አልጀብራ የወደቀ ልጅ 12ኛ ክፍል ላይ ቢባንን ጊዜው አልፎበታል። እያንዳንዱ ሃይስኩል በኤንሲኤኤ የጸደቁ ኮርሶች ዝርዝር አለው። 9ኛ ክፍል ሲገባ ከካውንስለሩ ጋር ቁጭ ብላችሁ እዩት።

ዝቅተኛው ጂፒኤ 2.3 ነው፤ ለዲቪዥን 2 ደግሞ 2.2። የኮሌጅ መግቢያ ፈተናው ኤስኤቲ ከ2023 ወዲህ ለኤንሲኤኤ ግዴታ አይደለም፤ ኮሌጁ ራሱ ግን ሊጠይቅ ይችላል። 2.3 በር ላይ ላለመመለስ ብቻ ነው የሚጠቅመው። የስፖርት ገንዘብ ያጠረው አሰልጣኝ እኩል ከሚጫወቱ ሁለት ልጆች 3.7 ያለውን ይመርጣል። ከሌላው የኮሌጁ ካዝና ገንዘብ ሊመጣለት የሚችለው ለእሱ ነዋ።

«ዓመቱን ሙሉ ካልወረወረ ይቀደማል»

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፤ ያመመን እዚህ ነው።

ልጃችን 10ኛ ክፍል እያለ በስፕሪንግ ለትምህርት ቤቱ፣ በሰመር ለትራቭል ቲሙ (ከትምህርት ቤት ውጪ ተከፍሎበት እየተዘዋወረ ለሚጫወተው ቡድን)፣ በዊንተር ደግሞ አዳራሽ ውስጥ ይወረውር ነበር። ሁሉም አሰልጣኝ ጥሩ ሰው ነው። ግን እያንዳንዱ የሚቆጥረው እሱ ጋ የተወረወረውን ብቻ ነው። አንድ ቀን ማታ ልጁ እንጀራ ሲቆርስ ፊቱን አጨማደደ። ክርኑን ከጀመረው ሦስት ሳምንት ሆኖት ነበር። ከጨዋታ ውጪ እንዳይደረግ ፈርቶ ደብቆናል። ሐኪሙ ለወራት ኳስ እንዳይነካ ከለከለው። በጊዜ ደረስንበት፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከኦፕራሲዮን ዳነ።

ትልቁ የፕሮፌሽናል ሊግ፣ ሜጀር ሊግ ቤዝቦል፣ ከዩኤስኤ ቤዝቦል ጋር በ2014 ያወጡት ፒች ስማርት የሚባል መመሪያ አለ። ዕድሜው 15 እና 16 የሆነ ልጅ በቀን ከ95 ውርወራ በላይ አይወርውር ይላል። ለ17 እና ለ18 ዓመት ልጅ ጣሪያው 105 ነው። ያን ያህል ከወረወረ በኋላ 4 ቀን ያርፋል። በዓመት ቢያንስ 4 ወር ፒች አያደርግም፤ ከዚያ ውስጥ 2 ወይም 3 ተከታታይ ወር ምንም አይወረውርም። ይህ ያለ ምክንያት የመጣ ቁጥር አይደለም። በወጣት ወርዋሪዎች ላይ የተደረገ ጥናት በዓመት ከ8 ወር በላይ የሚወረውሩት ለኦፕራሲዮን የመዳረግ ዕድላቸው 5 እጥፍ እንደሆነ አሳይቷል። ክንዳቸው እየደከመ የሚወረውሩት ደግሞ 36 እጥፍ።

«ቶሚ ጆን ካሠራ እንዲያውም ይጠነክራል» የሚሉም አሉ። ቶሚ ጆን በ1974 በዶክተር ፍራንክ ጆብ እጅ የክርኑ ጅማት ተተክቶለት ወደ ሜዳ የተመለሰ ወርዋሪ ነው፤ ኦፕራሲዮኑ በስሙ ተጠራ። የተበጠሰውን ይተካል እንጂ ደህናውን አያበረታም። ለማገገምም ብዙ ጊዜ ከአንድ ዓመት በላይ ይፈጃል። ለሃይስኩል ልጅ ይህ ማለት 11ኛ ክፍል ሙሉውን ሄደ ማለት ነው።

ደብተር ግዙ። በየቡድኑ የወረወረውን እናንተ ደምሩ፤ ሌላ የሚደምርለት የለም።

«ውድ ትራቭል ቲምና ብዙ ሾውኬዝ በር ይከፍታሉ»

ሾውኬዝ ማለት ልጁ 60 ያርድ ሲሮጥ፣ ሲመታና ሲወረውር የሚለካበት ቀን ነው። በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ይከፈልበታል። «ልጅዎ ተመርጧል» የሚለው ኢሜይል ብዙ ጊዜ ለሺዎች የተላከ ነው። ሳይዘጋጅ ከሄደ ደካማው ቁጥር ኢንተርኔት ላይ ተጽፎ ይቀራል። ይልቅ በስሙ ጠርቶ መልስ የጻፈለት አሰልጣኝ ካለ፣ እዚያ ኮሌጅ ካምፕ ይሂድ።

«ዲቪዥን 1 ካልሆነ ምን ዋጋ አለው?»

«ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገባ» ማለት እኛ ዘንድ ያሳፍራል። አያሳፍርም። አልበርት ፑሆልስ ካንሳስ ሲቲ ያለው ሜፕል ዉድስ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ነበር። የሜጀር ሊግ ቡድኖች በየዓመቱ አዲስ ተጫዋች በተራ በሚመርጡበት ድራፍት፣ በ1999 የተመረጠው በ13ኛው ዙር፣ 402ኛ ሆኖ ነው። 703 ሆምራን (ብዙ ጊዜ ኳሱ ከአጥሩ ውጪ የሚያልፍበት ምት) መትቶ ጡረታ ወጣ። ብራይስ ሃርፐርም ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ወጥቶ ነው በ2010 አንደኛ የተመረጠው።

ዘግይቶ የሚያድግም አለ። እዚሁ ዋሽንግተን ያየነው ስቲቨን ስትራስበርግ ሃይስኩል ሲጨርስ የመረጠው ቡድን አልነበረም። ሳን ዲዬጎ ስቴት ገብቶ ሰውነቱን አስተካከለ። በ2009 አንደኛ ተመረጠ፤ በ2019 የወርልድ ሲሪስ፣ የሜጀር ሊጉ ፍጻሜ፣ ኮከብ ሆነ። ስለ ቁመትም ብዙ አትጨነቁ። ደስቲን ፔድሮያ ከአሪዞና ስቴት ወጥቶ በ2008 የአሜሪካን ሊግ (ከሜጀር ሊጉ ሁለት ክፍሎች አንዱ) ኮከብ ሲሆን ቁመቱ ከ5 ጫማ ከ9 ኢንች አይበልጥም ነበር።

«አሰልጣኙ ቃል ገብቶለታል፣ አለቀ»

የቃል ስምምነት ማንንም አያስርም፤ አሰልጣኙንም ልጁንም። የሚጸናው የተፈረመ የገንዘብ ውል ነው። በዚያ ላይ ዛሬ ተጫዋች ኮሌጅ መቀየር የሚፈልጉ በሚመዘገቡበት ትራንስፈር ፖርታል በኩል በቀላሉ ኮሌጅ ይቀይራል። የ18 ዓመቱ ልጃችሁ የሚሻማው ከሌላ ኮሌጅ ከመጣ የ22 ዓመት ወጣት ጋር ነው።

ልጃችን ሊጎበኝ በሄደባቸው ኮሌጆች ሁሉ ራሱ ይጠይቅ ነበር፦ ስንት ፒቸር አላችሁ? ባለፈው ዓመት በአንደኛ ዓመትነት ከገቡት ስንቱ ዛሬ አሉ? ስማቸው የገነነ ሁለት ኮሌጆች በቀጥታ አልመለሱለትም። የሦስተኛው አሰልጣኝ የቡድኑን ዝርዝር አውጥቶ፣ በእርሳስ እያመለከተ አንድ በአንድ ነገረው። አሁን የሚማረው እዚያ ነው።