«ግፊቴ ወርዷል፣ ኪኒኑን ትቼዋለሁ»፦ ስለ ቤታ ብሎከርና መሰሎቹ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ልጄ፣ ተለክቼ ደህና ነው ብለውኛል። ኪኒኑን ትቼዋለሁ።» በፋርማሲ ሥራዬ እንደዚህች አባባል የሰለቸኝ ነገር የለም። ሰዎቹን ማለቴ አይደለም፤ የሚከተለውን ጣጣ ስለማውቀው ነው። የተዉት መድኃኒት የአድሬናሊንን ሥራ የሚገታ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። አቴኖሎል፣ ፕሮፕራኖሎል፣ ሜቶፕሮሎል፣ ቢሶፕሮሎል፣ ካርቬዲሎል፣ ክሎኒዲን፣ ፕራዞሲን፤ ሁሉም እዚህ ውስጥ ይገባሉ።

አሠራራቸውን ያላወቀ ሰው አደጋውም አይታየውም። አድሬናሊንና ኖርአድሬናሊን ልብንና የደም ሥርን የሚያዙት በሴሎች ላይ ባሉ ተቀባዮች በኩል ነው። አሜሪካዊው ሬይመንድ አልኲስት እ.ኤ.አ. በ1948 እነዚህን ተቀባዮች አልፋና ቤታ ብሎ ለያቸው። በኋላ እነሱም ተከፋፈሉ። አልፋ 1 ሲነቃ የደም ሥር ይጠባል። ቤታ 1 ሲነቃ ልብ ቶሎ ቶሎና በኃይል ይመታል፣ ኩላሊትም ግፊት የሚያወጣውን ሬኒን ይለቃል። ቤታ 2 የሳንባ ቧንቧን ያሰፋል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብላክ ቤታን የሚዘጋ መድኃኒት፣ ማለትም ቤታ ብሎከር፣ ፍለጋ ገብቶ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ፕሮፕራኖሎልን አበረከተ። እ.ኤ.አ. በ1988 ኖቤል ከተሸለሙት አንዱም እሱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ስህተት ልመለስ። ግፊታችሁ የወረደው ኪኒኑ ስለሠራ ነው። ስለዳናችሁ አይደለም። ቤታ ብሎከር ግፊትን ይቆጣጠራል እንጂ ከሥሩ አይነቅልም። ግን ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ይህን ያህል አልጨነቅም ነበር። ግፊቱ ቀድሞ ወደነበረበት ይመለሳል፣ እንደገና ይታከማል፣ በቃ። ችግሩ ሰውነት እጁን አጣጥፎ አለመቀመጡ ነው። ተቀባዮቹ ለረጅም ጊዜ ሲዘጉ ሴሎቹ ተጨማሪ ተቀባይ ያወጣሉ። ኪኒኑ ድንገት ሲቀር ያው የተለመደው አድሬናሊን በበዙና በነቁ ተቀባዮች ላይ ያርፋል። ልብ ይሮጣል፣ ግፊት ይሰቅላል። የልብ ደም ሥሩ የጠበበ ሰው ደግሞ ደረቱን ሊያመው፣ ከዚያም አልፎ ሃርት አታክ ሊይዘው ይችላል።

ክሎኒዲን ከዚህም ይብሳል። እሱ የሚሠራው አንጎል ውስጥ ነው፤ አልፋ 2 የሚባለውን ተቀባይ አነቃቅቶ ወደ ልብና ወደ ደም ሥር የሚወርደውን ትእዛዝ ያለዝባል። በድንገት ሲቋረጥ ትእዛዙ በአንድ ጊዜ ይለቀቃል። በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ራስ ምታት፣ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ በጣም የወጣ ግፊት ይመጣል። አንድ የማውቃቸው ጎልማሳ ኪኒናቸውን ረስተው መንገድ ወጡ። «ሁለት ቀን ምን ያመጣል?» ብለው ነበር። ድንገተኛ ክፍል ገቡ። የሚወስዱት መጠን ትንሽ አልነበረም፣ ቤታ ብሎከርም ደርበው ይወስዱ ነበር። ሁለቱን አብሮ የሚወስድ ሰው ላይ ክሎኒዲኑ ብቻ ሲቀር አደጋው ይከፋል፤ ቤታ ስለተዘጋ አልፋ ብቻውን የደም ሥሩን ያጠባልና። ስለዚህ ሐኪም ሁለቱንም ሊያስቆም ሲፈልግ መጀመሪያ ቤታ ብሎከሩን ቀስ በቀስ ያስቆማል። ጥቂት ቀናት ከቆየ በኋላ ክሎኒዲኑን መቀነስ ይጀምራል።

እናም እባካችሁ፣ ኪኒኑ ሳያልቅ ተኩ። መንገድ ስትወጡ የያዛችሁትን ቁጠሩ። መቆም ካለበት ሐኪሙ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ እየቀነሰ ያስቆመዋል፤ በራሳችሁ አታድርጉት። ኦፕራሲዮን ካለባችሁ ቤታ ብሎከር እንደምትወስዱ ቀድማችሁ ተናገሩ፣ ካልታዘዛችሁም አታቁሙ። የሚያስመልሳችሁ ከሆነና ኪኒኑ አልረጋ ካለ ቶሎ ወደ ሕክምና ሂዱ። አንድ ዶዝ ካለፋችሁም በሚቀጥለው ሁለት አትዋጡ።

«ሲቆም እንዲህ ካደረገ ሱስ ነዋ!» የሚሉም አሉ። አይደለም። አምሮት የለም፣ መጠን ጨምሩልኝ የሚል ጉጉት የለም። ሰውነት ከመድኃኒቱ ጋር ተላመደ እንጂ ሱስ አልያዘውም።

«ያው ቤታ ብሎከር ነው፣ የእህቴን ልዋጥ።» ይሄ ያናድደኛል። ፕሮፕራኖሎል ቤታ 1ንም ቤታ 2ንም ይዘጋል፤ አስም ያለበትን ሰው ትንፋሽ ሊያሳጣው ይችላል። ቢሶፕሮሎልና ሜቶፕሮሎል ይበልጥ ቤታ 1ን ይመርጣሉ፣ መጠናቸው ሲጨምር ግን ምርጫቸው ይላላል። አቴኖሎል በብዛት በኩላሊት ይወጣል፣ ኩላሊቱ የደከመ ሰው ላይ ይከማቻል። ካርቬዲሎልና ላቤታሎል አልፋ 1ንም ይዘጋሉ።

«ልቡ የደከመ ሰው ቤታ ብሎከር አይነካም።» ድሮ ሐኪሞችም እንዲህ ይሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጡት የቢሶፕሮሎልና የሜቶፕሮሎል ትልልቅ ጥናቶች ይህን ሽረውታል። የልብ ድካሙ በተረጋጋ ሰው ላይ በትንሽ ተጀምሮ ቀስ እያለ ሲጨምር ዕድሜ ያራዝማል።

«የስኳር ሕመምተኛ ቤታ ብሎከር ፈጽሞ አይወስድም።» ይወስዳል። ነገር ግን ስኳር ሲወርድ የሚሰማውን የልብ መምታትና መንቀጥቀጥ ይሸፍንበታል። ላብ ግን አይሸፈንም፤ ላቡን ይጠብቅ፣ ስኳሩን ይለካ።

«እርጉዝ ስለሆንኩ ሁሉንም አቆምኩ።» ይህም ከዋናው ስህተት የሚወለድ ነው። ላቤታሎልና ሜቲልዶፓ የሚባለው ሌላ የግፊት መድኃኒት በእርግዝና ለረጅም ጊዜ ሲሰጡ የቆዩ ናቸው። አቴኖሎል የምትወስድ ሴት ግን ጽንሱ እንዳያንስ መድኃኒቷ ሊለወጥላት ይገባል። ራሷ አቁማ ሳይሆን በሐኪም በኩል።

«ፕራዞሲን ዋጥኩና ራሴን ሳትኩ፤ አለርጂ አለብኝ።» አለርጂ አይደለም። አልፋ 1 ሲዘጋ የደም ሥር ይላላል፤ ከመቀመጫ ብድግ ሲባል ደም ወደ እግር ይወርዳል። የመጀመሪያው ዶዝ ላይ ይህ ይጠነክራል። ለዚህ ነው በትንሽ መጠን፣ ብዙ ጊዜም በ1 ሚሊግራም፣ ማታ ሲተኙ የሚጀመረው። ብዙ ቀን ካቋረጣችሁም በቀድሞው መጠን አትመለሱ፤ እንደገና ከትንሹ ነው የሚጀመረው።

«የፕሮስቴት መድኃኒቴ ለግፊቴም ይበቃል።» ለፕሮስቴት የሚሰጡት ታምሱሎሲንና ዶክሳዞሲን ሁለቱም አልፋ 1ን ይዘጋሉ፤ ታምሱሎሲን ግን ለግፊት አይሰጥም። ዶክሳዞሲን ግፊት ያወርዳል፣ ግን እ.ኤ.አ. በ2000 አንድ ትልቅ ጥናት ውስጥ የልብ ድካም ክሎርታሊዶን ከሚባለው ሽንት የሚያበዛ የግፊት መድኃኒት ጋር ሲነጻጸር በእጥፍ ገደማ ስለበዛበት የጥናቱ የዶክሳዞሲን ክፍል እንዲቆም ተደርጓል። ብቻውን የመጀመሪያ ምርጫ አይሆንም።

የመጨረሻው የጉንፋን ነገር ነው። «እሱ ከግፊት ጋር ምን አገናኘው?» ይሉኛል። አፍንጫ የሚከፍቱት ሱዶኤፌድሪንና ፊኒሌፍሪን የአድሬናሊንን መንገድ የሚያነቃቁ ናቸው። የአፍንጫን የደም ሥር አጥብበው ነው የሚከፍቱት፤ ሌላውንም የደም ሥር ሊያጠብቡት ይችላሉ። በኪኒን እየወረደ የነበረ ግፊት ያለ ምክንያት ወጣ የሚለኝን ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው ሰሞኑን ለጉንፋን ምን እንደወሰደ ነው።