ቡጋንቪሊያን ለድሬዳዋ ግቢ መምረጥና ማሳደግ

ቡጋንቪሊያ መገኛው ደቡብ አሜሪካ የሆነ እሾሃማ ሐረግ ሲሆን፣ በድሬዳዋ በተለይም በከዚራ ሰፈር በአጥርና በበረንዳ ላይ ተንጠልጥሎ የሚታይ የግቢ ተክል ነው። ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኘው ከተማ ውርጭ አይነካትም፤ ፀሐይዋ ዓመቱን ሙሉ ብርቱ ነው፤ ዝናቧም በበልግና በክረምት የሚመጣና አነስተኛ በመሆኑ ለዚህ ተክል ትመቻለች። ይሁንና በቀላሉ ይበቅላል ማለት የትኛውም ዝርያ ለየትኛውም ግቢ ይስማማል ማለት አይደለም። ችግኝ ሲገዛ ብዙ ጊዜ የሚታየው ቀለሙ ብቻ ነው፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ባለቤቱን የሚያስደስተው ወይም የሚያስመርረው የተክሉ ቁመት፣ የእሾሁ ርዝመትና የሚፈልገው ቦታ ስፋት ነው።

ተክሉን ለአውሮፓ ሳይንስ ያስተዋወቀው ፈረንሳዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ፊሊቤር ኮሜርሶን ነው። ኮሜርሶን እ.ኤ.አ. በ1766 ከፈረንሳይ በተነሣው የሉዊ አንትዋን ደ ቡጋንቪል የባሕር ጉዞ ውስጥ ነበረ፤ በ1767 ሪዮ ዴ ጃኔሮ አካባቢ ተክሉን አግኝቶ መዘገበው፤ ስሙም ከጉዞው መሪ ተወሰደ። የወንድ ልብስ ለብሳ የኮሜርሶን ረዳት ሆና የተጓዘችው ጃን ባሬ በኋላ ዓለምን የዞረች የመጀመሪያዋ ሴት ተብላ ታውቃለችና፣ የዚህ ተክል ታሪክ ሲነሣ ስሟን መዝለል ተገቢ አይሆንም።

ዓይን የሚስበው ሮዝ፣ ቀይ፣ ብርቱካናማ ወይም ነጭ ክፍል አበባው ራሱ ሳይሆን ቀለም ያወጣ ቅጠል ነው። እውነተኛው አበባ በሦስቱ ቀለማማ ቅጠሎች መካከል የሚገኘው ትንሽ፣ ቱቦ መሰል ነገር ነው። በግቢ ውስጥ የሚተከሉት አብዛኞቹ ዓይነቶች ከሦስት ዝርያዎችና ከድቅሎቻቸው የመጡ ናቸው። ስፔክታቢሊስ የሚባለው ቅጠሉ ጠጉራም፣ እሾሁ ረጅምና ቆልማማ፣ ዕድገቱም ኃይለኛ ሲሆን፣ ከ10 ሜትር በላይ ሊወጣ ይችላል፤ ስለዚህ ለረጅም የግንብ አጥር እንጂ ለጠባብ ግቢ አይመከርም። ግላብራ ግን ቅጠሉ ለስላሳ፣ እሾሁ አጭር፣ አበባውም ቶሎ ቶሎ የሚመላለስ ነው፤ መከርከምንም በደንብ ይችላል። ልጆች የሚሯሯጡበት ቤት ያለው ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ይህንን ቢያስብ መልካም ነው። ሦስተኛው ፔሩቪያና ከግላብራ ጋር ተዳቅሎ ቡቲያና የተባለውን ሰጥቷል። የዚህ ድቅል የመጀመሪያው ታዋቂ ተክል እ.ኤ.አ. በ1910 በኮሎምቢያዋ ካርታሄና ከተማ የተገኘው ደማቅ ቀይ “ሚስስ በት” ነው። ከእርሱ የወጣው “ሜሪ ፓልመር” በአንድ ተክል ላይ ነጭና ሮዝ ያወጣል። “ማሃራ” የመሳሰሉት ድርብርብ ዓይነቶች ደግሞ ሲያብቡ እጅግ ያማሩ ናቸው፤ ነገር ግን የደረቀው አበባቸው ሳይረግፍ ቅርንጫፉ ላይ ስለሚቆይ በእጅ ማጽዳት ይጠይቃል። ቅጠላቸው ነጭና አረንጓዴ የተዥጎረጎረው ዓይነቶች ዕድገታቸው ዘገምተኛ በመሆኑ ለበረንዳ ይመረጣሉ።

የአስተዳደጉ ዋና ምሥጢር ውኃን መመጠን ነው። ከምድር ወገብ በራቁ አገሮች ቡጋንቪሊያ በብዛት የሚያብበው ቀኑ ሲያጥር ነው። በድሬዳዋ የቀንና የሌሊት ርዝመት በዓመቱ ውስጥ ብዙም ስለማይለያይ፣ አበባውን የሚቀሰቅሰው በአመዛኙ የአፈሩ መድረቅ ነው። በየቀኑ የሚጠጣ ተክል ረጃጅም አረንጓዴ ቅርንጫፍ ያወጣና አበባ ይነሣዋል፤ የናይትሮጅን ማዳበሪያ የበዛበትም እንዲሁ ነው። አዲስ የተተከለ ችግኝ ሥር እስኪይዝ ድረስ ሳያቋርጥ ውኃ ይፈልጋል፤ ከዚያ በኋላ ግን የላይኛው አፈር ሲደርቅ በደንብ አጠጥቶ እንደገና እስኪደርቅ መተው ይበቃል። ውኃ በበርሜልና በጀሪካን በሚጠራቀምበት ቤት ይህ ጠባይ ተክሉን ከሌሎች አበቦች ሁሉ የላቀ ያደርገዋል። ጥላ ግን አይወድም፤ በቀን ቢያንስ አምስት ወይም ስድስት ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ያሻዋል። በመሆኑም በኒም ወይም ብዙዎች የድሬዳዋ ዛፍ በሚሉት ባለቀይ አበባ ዛፍ ሥር የተተከለ ቡጋንቪሊያ ብርሃን ፍለጋ ሲንጠራራ ይኖራል እንጂ አያብብም።

በከተማዋ ዙሪያ የኖራ ድንጋይ በብዛት ይገኛል፤ የጉድጓድ ውኃዋም ኖራ የበዛበት ስለሆነ በማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይተዋል። ቡጋንቪሊያ ጥቂት አሲድነት ያለውን አፈር ስለሚመርጥ፣ እንዲህ ባለው አፈርና ውኃ ላይ ብረትን መሳብ ያቅተዋል። ያን ጊዜ ወጣት ቅጠሎቹ ቢጫ ሲሆኑ በቅጠሉ ላይ የተዘረጉት ቀጫጭን ጅማቶች ብቻ አረንጓዴ ሆነው ይቀራሉ። ይህን እንደ ጥማት ቆጥሮ ውኃ መጨመር ችግሩን ያባብሰዋል። የሚረዳው በደንብ የበሰለ ብስባሽ መጨመር፣ የዝናብ ውኃ አጠራቅሞ ማጠጣትና በመትከያው ጉድጓድ ውኃ እንዳይቋጠር ከአፈሩ ጋር አሸዋ መቀላቀል ነው።

ተክሉ የሚባዛው ከቅርንጫፍ ቁራጭ ነው። የእርሳስ ያህል ውፍረትና ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው፣ በከፊል የጠነከረ ቁራጭ በአሸዋማ አፈር ተተክሎ በጥላ ሥር ይቆያል፤ ግላብራ በቀላሉ ሥር ሲያወጣ፣ ከቡቲያና ወገን ያሉት ብዙዎቹ ግን ያስቸግራሉ። ሥሩ ቀጭንና በቀላሉ የሚበጠስ በመሆኑ፣ ችግኙን ከፕላስቲኩ ሲያወጡ አፈሩን ማራገፍ ብዙ ጊዜ ተክሉን ይገድለዋል፤ ፕላስቲኩን በምላጭ ቀድዶ ከነአፈሩ ማስቀመጥ ይሻላል።

አበባ የሚወጣው በአዲስ ቅርንጫፍ ላይ ስለሆነ፣ የሚከረከመው አንዱ የአበባ ዙር እንዳለቀ ነው። እሾሁ ቆዳን ስለሚቧጭር ወፍራም ጓንት ያስፈልጋል፤ የተቆረጠውም ወዲያው ተሰብስቦ በባዶ እግር ከሚኬድበት ቦታ መራቅ አለበት። ወደ 1,885 ሜትር ከፍ ባለችው በሐረርም ተክሉ ይበቅላል፤ አየሩ ከድሬዳዋ ስለሚቀዘቅዝ አፈሩ ለመድረቅ ይዘገያልና፣ እዚያ በሁለት ማጠጣት መካከል የሚተወው ጊዜ ረዘም ማለት ይኖርበታል።