የአስማት ሥርዓት ምንድን ነው?

የፋንታሲ (አስማት ያለበት ምናባዊ ታሪክ) ልብ ወለድ አፍቃሪ አዲስ መጽሐፍ ወጣ ሲባል መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ታሪኩ ላይሆን ይችላል። «አስማቱ እንዴት ነው የሚሠራው?» ይላል። የአስማት ሥርዓት የሚባለው የዚህ ጥያቄ መልስ ነው። በአንድ ምናባዊ ዓለም ውስጥ አስማት የሚመራባቸው ሕጎች ማለት ነው። ማን ይችለዋል? ምን ይሠራል? ምን አይሠራም? ምን ያስከፍላል? ለእኔ ትልቁ የመጨረሻው ነው።

አንዲት ልጅ ቁስል ዳስሳ ትፈውሳለች እንበል። ግን ሰው በፈወሰች ቁጥር አንድ ትዝታ ይጠፋባታል። የትኛው እንደሚጠፋ መምረጥ አትችልም። በቃ፣ በዚህች ሕግ ብቻ ታሪኩ ነፍስ ዘራ። የማታውቀው መንገደኛ እግሩን ቆስሎ ሲመጣ አንባቢው ሒሳብ ይጀምራል። የእናቷን ድምፅ ትረሳ ይሆን? ወንድሟ ደም እየፈሰሰው ደጇ ላይ ሲወድቅስ? ብታድነው ወንድሟ መሆኑን ልትረሳ ትችላለች። ደራሲው አንድ ቃል ሳይጨምር ነገሩ ልብ አንጠልጣይ ሆነ። ዋጋ ባይኖረው ኖሮ እጇን ጫን ታደርጋለች፣ ይድናል፣ አለቀ።

አሜሪካዊው ደራሲ ብራንደን ሳንደርሰን እ.ኤ.አ. በ2007 በጻፈው መጣጥፍ ይህን በሕግ መልክ አስቀምጦታል። ሐሳቡ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ደራሲ በአስማት ችግር የመፍታት አቅሙ አንባቢው አስማቱን በተረዳው ልክ ነው። እውነቱን ነው። ሰምተነው የማናውቅ ኃይል በመጨረሻው ምዕራፍ ከሰማይ ዱብ ብሎ ጀግናውን ካዳነ አንባቢ ተሸወድኩ ይላል።

ታዲያ ሁሉም ነገር ይብራራ ማለት አይደለም። ሕጉ ተዘርዝሮ የሚነገርለት አስማት ጠጣር፣ ምስጢሩ የተጠበቀለት ደግሞ ለስላሳ ይባላል። እንግሊዛዊው ደራሲ ቶልኪን የፈጠረው ጠንቋይ ጋንዳልፍ ምን ምን ማድረግ እንደሚችል ተዘርዝሮ አይነገረንም። ግርማው ያለውም እዚያ ላይ ነው። ለስላሳው የሚያስደምም ስሜት አለው፤ ጠጣሩ ደግሞ ያመራምራል።

እኔ ከሁሉ የምወደው ሕጉ ከሰው ግንኙነት ጋር ሲጋመድ ነው። ኧርሱላ ለ ጉዊን እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመችው የጠንቋዮች ልብ ወለድ አንድን ነገር ለማዘዝ እውነተኛ ስሙን ማወቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ ሰው እውነተኛ ስሙን ይደብቃል። እዚያ መጽሐፍ ውስጥ አንድ ጓደኛ ለጓደኛው ስሙን ይነግረዋል። ሕጉን ለሚያውቅ አንባቢ ይህ ሕይወትን አሳልፎ መስጠት ነው። ከዚህ በላይ የወዳጅነት መግለጫ ከየት ይመጣል?

የመናፍስትና የቫምፓየር (ደም መጣጭ ሙት) ታሪኮችም ሕግ አላቸው። ሕጉ ግን እንደ ደራሲው ይለዋወጣል። ቫምፓየርን ፀሐይ ትገድለዋለች የሚለውን ሁሉም ያውቀዋል፣ አይደል? ብራም ስቶከር እ.ኤ.አ. በ1897 ባሳተመው ልብ ወለድ ግን ቫምፓየሩ ድራኩላ በቀን ይንቀሳቀሳል፤ ኃይሉ ብቻ ይቀንሳል። በፀሐይ ብርሃን መሞትን ያስለመደው እ.ኤ.አ. በ1922 የወጣው «ኖስፌራቱ» የተባለው ድምፅ አልባ የጀርመን ፊልም ነው። አዲስ የቫምፓየር መጽሐፍ በወጣ ቁጥር አንባቢዎች የትኛው ሕግ እንደተጠበቀ፣ የትኛው እንደተቀየረ ለማወቅ የሚጣደፉት ለዚህ ነው።

ጉጉቱ በተለይ ተከታታይ መጻሕፍት ላይ ያይላል። ሁለተኛው ቅጽ እስኪወጣ አንባቢ የመጀመሪያውን ደግሞ ደጋግሞ ያነባል። ችላ ብሎ ያለፋት አንዲት ዓረፍተ ነገር ፍንጭ ሆና ያገኛታል። ያቺ ፈዋሽ ልጅ የጠፋባት ትዝታ የት ይሄዳል? ሌላ ሰው ጋ ቢሆንስ? ሕጉን ያወቀ አንባቢ እንዲህ ያለውን ጥያቄ ራሱ ያነሣል፣ ከጓደኞቹ ጋር ይከራከርበታል፣ መልሱን ከደራሲው ቀድሞ ለማግኘት ይሞክራል።