ዡልየት «የት ነህ?» አላለችም

በደብረ ማርቆስ ወይም በባሕር ዳር የሼክስፒርን ተውኔት «ሮሜዮና ዡልየት»ን የሚለማመድ ወጣት መጀመሪያ አንድ ቃል ያስተካክል። ዡልየት በሰገነቱ ላይ ሆና የምትጠይቀው «ሮሜዮ፣ የት ነህ?» ብላ አይደለም። የድሮው እንግሊዝኛ ቃል (wherefore) «ለምን» ማለት ነው፤ ጥያቄዋ «ለምን ሮሜዮ ሆንህ?» ነው። የጠላት ቤት ልጅ መሆኑ ነው ያቃጠላት። ተዋናይዋ ጨለማውን በዓይኗ ካሰሰች ትርጉሙ ይጠፋል፤ ልጁ ታች ቆሞ እንደሚሰማትም አታውቅም።

የመጀመሪያው መገናኛቸው (ገቢር 1፣ ትዕይንት 5) ደግሞ ለጎጃም ጆሮ የተሠራ ይመስላል። ንግግራቸው ተጋጥሞ ባለ 14 ስንኝ አንድ ግጥም ይሆናል፤ እሱ 4፣ እሷ 4፣ ከዚያ እሱ 1፣ እሷ 1፣ እሱ 2፣ እሷ 1፣ መዝጊያውን እሱ። በመካከል ረጅም ዝምታ ከገባ ቤት መምቻው ይሰበራል።

የቅኔ ተማሪ ቶሎ ይገባዋል። ሰሙ ተሳላሚና ቅድስት ነው፤ ወርቁ መሳሳም። ኅብሩም (አንድ ቃል ሁለት ፍቺ የሚይዝበት) አለ፦ «ሮሜዮ» በጣሊያንኛ ወደ ሮም የሚሄድ ተሳላሚ ማለት ነው። በእንግሊዝኛም የተሳላሚው አንዱ መጠሪያ (palmer) «መዳፍ» ከሚለው ቃል (palm) ጋር በድምፅ ይመሳሰላል፤ እጅ ለእጅ የሚያያዙት ለዚህ ነው።

ተርጓሚ ሊስተው የሚችለው ደግሞ «አንተ» ወይስ «እርስዎ» የሚለውን አጠራር ነው። መጀመሪያ በተገናኙበት ግብዣ ላይ ዡልየት የምትናገረው በአክብሮት ነው፣ እንደ «እርስዎ»። በሰገነቱ ላይ ግን «አንተ» ትለዋለች። ከመጀመሪያው «አንተ» ካስባልናት ያ ለውጥ አይሰማም።